«ሲስተሙ አልቀበል አለ»፦ ብድር ያበላሸ ሰው የባንክ ሒሳብ መክፈት ይችላል ወይ?

ጎንደር ፒያሳ ካሉት የባንክ ቅርንጫፎች ወደ አንዱ ጠዋት ገብቶ ወረፋ የያዘ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ አይወጣም፦ «ሲስተሙ አልቀበል አለ።» ሠራተኛዋ ስክሪኑን ታያለች። የተሞላውን ፎርም ታያለች። ተመልሳ ስክሪኑን ታያለች። «ጋሼ፣ አልቀበል አለኝ፤ እስቲ ነገ ብቅ ይበሉ» ትላለች። ደንበኛው መታወቂያውንና ሁለቱን ጉርድ ፎቶ ይዞ ይወጣል። ምክንያቱን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ራሱ ይፈልገዋል። ከዓመታት በፊት ወስዶ ያልጨረሰው ብድር ትዝ ይለዋል። ወይም ለወንድሙ የፈረመው ዋስትና። «በቃ፣ ብላክ ሊስት ገብቻለሁ» ብሎ ይደመድማል።

የፋይዳ መታወቂያ ሒሳብ ለመክፈት ግዴታ መሆን ከጀመረ ወዲህ ይህ ድምዳሜ ተስፋፍቷል። «አሁን ሁሉም ባንክ ይተያያል፤ አንዱ ጋ ያበላሸ ሰው የትም ደብተር ማውጣት አይችልም» ይባላል። ከወሬው ውስጥ እውነት አለበት። አብዛኛው ግን የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀው የፈጠሩት ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ደመወዙን በእህቱ ሒሳብ የሚቀበል አለ። የሱቁን ገንዘብ ቤት የሚያሳድር አለ። ስለዚህ ነገሩን ፈታ አድርጎ ማየት ይገባል።

## ሒሳብ ሌላ፣ ብድር ሌላ

ሒሳብ የሚከፍት ሰው ገንዘቡን ለባንኩ በአደራ እየሰጠ ነው። ብድር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አደራ ተቀባዩ ተበዳሪው ይሆናል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ የሚነሳው ጥያቄም አንድ አይደለም። ለሒሳብ ጥያቄው «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ነው። ለብድር «ይህ ሰው ይመልሳል ወይ?» የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሕግ ያስገድደዋል። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ባንኮች ማንነቱ በማይታወቅ ሰው ስም ሒሳብ እንዳይከፍቱ ይከለክላል። የባንክ ሰዎች ይህን ሥራ «ኬዋይሲ» ይሉታል። ደንበኛን ማወቅ ማለት ነው። ፎርሙ ላይ እስከ አያት የሚጻፈው ስም፣ የእናት ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የገቢ ምንጭ፣ የፊርማ ናሙና፣ ሁሉም የዚህ ሥራ ክፍል ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ወይም ከመታወቂያው ጋር ሳይገጥም ሲስተሙ አላልፍ ይላል። ይህ ከብድር ታሪክ ጋር አይገናኝም።

ሌላም ነገር አለ። ተራ የቁጠባ ሒሳብ ከዜሮ በታች አይወርድም። ሁለት መቶ ብር ያለው ሰው ሦስት መቶ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ቁጠባ ብቻ የነበረው ሰው ባንክ ጋ ዕዳ ውስጥ የሚገባበት መንገድ እምብዛም የለም። ጎልቶ የሚታወቀው ልዩ አጋጣሚ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የደረሰው ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ አወጡ፤ አስተላለፉም። ባንኩ ያሳወቀው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ከነዚያ ደንበኞች ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ሳይመልሱ የቆዩትን ሰዎች ባንኩ በስምና በፎቶግራፍ ይፋ አወጣቸው። «የባንክ ታሪክ» የሚባለው ነገር ተበዳሪ ላልሆነ ወጣትም ሊኖር እንደሚችል አገር ያየው ያኔ ነው።

## ሰው «ብላክ ሊስት» የሚለው መዝገብ

«ብላክ ሊስት» የሚባለው ነገር በተግባር ሁለት የተለያዩ መዝገቦችን ይቀላቅላል። የመጀመሪያው በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ማዕከል ነው። አበዳሪዎች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ይልኩለታል። አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ደግሞ ከእሱ ያጣራሉ። ይህ የጥፋተኞች ዝርዝር አይደለም። በቀኑ የከፈለውም ያልከፈለውም ይገባበታል። እንዲያውም በደንብ ከፍሎ የጨረሰ ሰው በዚህ መዝገብ ይጠቀማል፤ ለሚቀጥለው ብድር ምስክሩ እሱ ነው።

ብድር የሚመደበው በቀን ቆጠራ ነው። በየጊዜው በሚከፈል ብድር ላይ ክፍያው ከ30 ቀን በታች የዘገየ ከሆነ ጤናማ ይባላል። ከ30 እስከ 90 ቀን ያለው ልዩ ክትትል የሚሻ ነው። 90 ቀን ሲሞላ «የተበላሸ ብድር» ከሚባለው ጎራ ይገባል፤ መጀመሪያ ከደረጃ በታች ተብሎ ይመደባል። 180 ቀን ሲያልፍ አጠራጣሪ ይሆናል። 360 ቀን ሲያልፍ ደግሞ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል። መዝገቡ የሚቆጥረው ቀን ነው። ለምን እንደዘገየ አይጠይቅም። ሆን ብሎ የካደውም፣ ሆቴሉ ባዶውን የከረመበትም በ91ኛው ቀን እኩል ናቸው። ይህን እንያዘው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ለአሁኑ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ማዕከሉ የተቋቋመው ለብድር ውሳኔ ነው። አንድ ሰው ደመወዙን የሚቀበልበት የቁጠባ ሒሳብ እንዳይከፍት ለመከልከል አይደለም። ባንኮች የራሳቸው የውስጥ አሠራር አላቸው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ከሌላው ሊጠነክር ይችላል። ግን «ብድር አበላሽተሃልና ቁጠባ አትከፍትም» የሚለው አባባል ከዚህ መዝገብ ዓላማ አይወጣም።

እዚህ ላይ ብድር ራሱ የተከለከለ ሰውም አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። በነዚያ ጊዜያት ታሪኩ ንጹሕ የሆነ ሰውም ከባንክ ባዶ እጁን ተመልሷል። «አልተፈቀደልህም» መባል ሁልጊዜ «ስምህ ጠፍቷል» ማለት አይደለም።

## ደረቅ ቼክ የምር ያስከለክላል

ሁለተኛው መዝገብ የደረቅ ቼክ፣ ማለትም ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ (ስንቅ) ሳይኖር የተጻፈ ቼክ ነው። በእውነት በር የሚዘጋውም እሱ ነው።

አዘዞ ላይ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ እናስብ። ቆርቆሮና ሚስማር ከመርካቶ ያመጣል። ጅምላ ሻጩ ግማሹን በጥሬ ይቀበላል፤ ለቀሪው ቼክ ይይዛል። ቼኩ ላይ የሚጻፈው ቀን ሁለት ወር ወደፊት ነው። ሁለቱም «ለመተማመኛ ነው» ይባባላሉ። ነጋዴው እስከዚያ ሸጦ ሒሳቡን ሊሞላ አስቧል። ከዚያ መንገድ ይዘጋል። ዕቃው ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሳምንት ይቆማል። ጅምላ ሻጩ የራሱ አበዳሪ አስጨንቆታልና ቼኩን ይዞ ባንክ ይሄዳል። ቼኩ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በንግድ ሕጉ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። ላዩ ላይ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ቀድሞ ከቀረበ በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። «ለመተማመኛ» የሚባል ቼክ ሕጉ አያውቅም። የመተማመኛው ስምምነት በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለ ቃል ነው። ለባንኩ ቼክ ቼክ ነው።

ውጤቱም ከባድ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሚያወጣን ሰው በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደት ደግሞ እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። በቸልተኝነት የተደረገም ከቅጣት አያመልጥም። ከፍርድ ቤቱ ውጭ የባንኩ መንገድ አለ። ቼክ በተደጋጋሚ የሚመለስበት ሰው ተንቀሳቃሽ ሒሳቡ ይዘጋል። ስሙ ለብሔራዊ ባንክ ይላካል፤ ከዚያም ለሁሉም ባንኮች ይደርሳል። ለተወሰነ ጊዜ የትኛውም ባንክ ጋ በቼክ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ መክፈት አይችልም።

ተንቀሳቃሽ ሒሳብ የሚባለው ቼክ የሚጻፍበት፣ በአብዛኛው ነጋዴና ድርጅት የሚይዘው ነው። እገዳው የሚያነጣጥረው እሱ ላይ ነው። የቁጠባ ደብተር ቼክ የለውም፤ ስለዚህ የእገዳው ምክንያት እዚያ አይሠራም። ደረቅ ቼክ ያለበት ነጋዴ ግን ቁጠባ ቢኖረውም ሥራው መሰናከሉ አይቀርም። ከጅምላ ሻጭ ጋር ያለው ንግድ የቆመው በቼክ ነውና።

## ፋይዳ የለወጠው ነገር

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማንነት የሚረጋገጠው በቀበሌ መታወቂያ ነበር። በእጅ የተጻፈ፣ ማኅተሙ ግማሹ የጠፋ መታወቂያ። ስሙ አንድ ቦታ «ኃይለ»፣ ሌላ ቦታ «ሀይለ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ ስንት ዓይነት እንደሚሆን ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በሦስት ባንክ ሦስት የተለያየ ሰው መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። አንዱ ጋ ያበላሸ ሰው ሌላው ጋ አዲስ ሆኖ ይገባ ነበር። አንዳንዱ ሆን ብሎ። ብዙው ሳያውቀው።

ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ዲጂታል መታወቂያ ነው። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይወስዳል። አንድ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ይኖረዋል። ብሔራዊ ባንክ ይህን ቁጥር ለአዲስ ሒሳብ ግዴታ ያደረገው በ2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጀምሮ ነው። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ክልል ከተሞች እንዲደርስ፣ ነባር ደንበኞችም ሒሳባቸውን ከቁጥሩ ጋር እንዲያገናኙ ተደርጎ ታቀደ።

ይህ ሁለት ውጤት አለው። ዕዳን በስም አጻጻፍ ልዩነት መሸሽ እያበቃ ነው። በሌላ በኩል ግን ቁጥሩ ንጹሕ ሰውንም ያድናል። የእኛ ስም የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። ጎንደር ውስጥ የራሱን ስም፣ የአባቱንና የአያቱንም ስም ጨምሮ ከሌላ ሰው ጋር የሚጋራ ሰው ሞልቷል። እስከ ዛሬ በሞክሼው ዕዳ የተጉላላ ሰው አሁን «ያ እኔ አይደለሁም» የሚልበት ማስረጃ አግኝቷል።

መስኮቱ ላይ የሚሰማው «አልቀበል አለ» ብዙ ጊዜ ከዚሁ የሚመጣ ነው። በፋይዳው ላይ የአያት ስም በአንድ ፊደል ተለውጧል። የልደት ዘመኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዛወር ስህተት ገብቶበታል። ስልኩ የተመዘገበው በልጁ ስም ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ከፋይዳው ቋት ምላሽ ሳይመጣም ይቀራል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራሉ። ሰሚው ደግሞ የሚፈራውን ይሰማል።

## ዕዳው ያለበት ባንክ ጋ ቢሄዱስ?

ሒሳብ መክፈት ይቻላል ማለት ገንዘቡ አይነካም ማለት አይደለም። በአብዛኛው የብድር ውል ላይ ባንኩ ከተበዳሪው ሌላ ሒሳብ ላይ ዕዳውን መቀነስ እንደሚችል የሚፈቅድ አንቀጽ ይኖራል። ተበዳሪው ሲፈርም ብዙ ጊዜ አያነበውም። ስለዚህ ዕዳው ባለበት ባንክ አዲስ የደመወዝ ሒሳብ የከፈተ ሰው ወር ሲደርስ ግማሹን ተቆርጦ ሊያገኘው ይችላል። ሒሳቡ አልተከለከለም። ገንዘቡ ግን ወደ ዕዳው ሄደ።

ሌሎች ሁለት መንገዶችም አሉ። ፍርድ ቤት ሒሳብ ሊያግድ ይችላል። የግብር መሥሪያ ቤቱም ያልተከፈለ ግብር ያለበት ሰው ሒሳብ እንዲታገድ በሕግ ማዘዝ ይችላል። እነዚህ ባንክ ቀይሮ የሚሸሽባቸው አይደሉም፤ ትእዛዙ ለሁሉም ባንኮች ሊደርስ ይችላል። ቤት ተይዞ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክስ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል።

በስልክ የሚሰጡትን ትንንሽ ብድሮችም መርሳት አይገባም። የቴሌብር «እንደኪሴ» እና «መላ» ያለ መያዣ የሚሰጡ ናቸው። መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ ሰው እንደ ብድር አያያቸውም። ግን ብድር ናቸው። አመላለሱም ለቀጣዩ ብድር መጠን መመዘኛ ይሆናል።

## የጎረቤት ዕዳ

በጎንደርና በዙሪያዋ ብዙ ሰው ከብድር ጋር የተዋወቀው በአብቁተ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ተቋሙ ካስለመዳቸው አሠራሮች አንዱ የቡድን ዋስትና ነው። በመያዣ የሚያስይዙት ቤት የሌላቸው ጥቂት ጎረቤቶች አንድ ላይ ሆነው እርስ በርስ ይዋዋሳሉ። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ፣ ዶሮ የምታረባ፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትነግድ። መያዣቸው እርስ በርስ መተዋወቃቸው ነው። አሠራሩ ብዙ ሴቶችን ከአራጣ አበዳሪ አውጥቷል፤ ይህ መካድ የለበትም።

ችግሩ አንዷ ስትቀር ነው። አንዷ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች፣ ወይ ከአገር ከወጣች፣ ዕዳው ወደ ሌሎቹ ይዞራል። የራሷን ድርሻ በቀኑ የከፈለች ሴት በጎረቤቷ ምክንያት ዕዳ ያለባት ሆና ትቆጠራለች። ከዚያ የሴት ልጇን የትምህርት ገንዘብ ለማስቀመጥ ባንክ ስትሄድ ትሸማቀቃለች። «እትዬ፣ ብድር አለብዎት?» ተብላ ብትጠየቅ የምትመልሰው ይጠፋታል። አለብኝ ትበል ወይስ የለብኝም? ቁጠባ ለመክፈት ይህ ጥያቄ ሊያስቆማት አይገባም። ቡድኗ ካለበት ተቋም ጋ ከሆነ የሄደችው ግን ቀደም ብላ የድርሻዋን ደረሰኝ ብትይዝ ይሻላታል።

## ከባሕር ማዶ የሚመጣው ምክር

ከፍርሃቱ አንዱ ምንጭ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ዋሽንግተን ያለችው የአክስት ልጅ ስልክ ትደውላለች። «እዚህ አንዴ ካበላሸህ አምስት ዓመት ባንክ አያስገቡህም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ስለ አሜሪካ። እዚያ ቼክስሲስተምስ የሚባል ድርጅት አለ። ሒሳባቸው ከዜሮ በታች ወርዶ ሳይከፍሉ የተዘጋባቸውን ሰዎች መረጃ ይይዛል። መረጃው በአብዛኛው ለአምስት ዓመት ይቆያል። ባንኮች ሒሳብ ከመክፈታቸው በፊት ያዩታል። ግን አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው መዝገቡን በዓመት አንዴ በነጻ ማየትና ስህተቱን መከራከር ይችላል። «ሁለተኛ ዕድል» የሚሰጡ ሒሳቦችም አሉ።

እስራኤል ዘመድ ያለው የጎንደር ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ይሰማል። እዚያ በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በ12 ወር ውስጥ 10 ቼክ የተመለሰበት ሰው ለአንድ ዓመት ገደብ ይጣልበታል። ቼክ መጻፍ አይችልም። ያለ ቼክ የሚሠራ ሒሳብ ግን መያዝ ይችላል። ከእኛው አሠራር ጋር በሐሳብ የሚቀራረበው ይህ ነው፤ የሚከለክለው ቼክን ነው እንጂ ሰውን ከባንክ አያስወጣም።

ጀርመን ያለው ደግሞ ሌላ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት በአባል አገራት በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው መሠረታዊ ሒሳብ የማግኘት መብት አለው። ጀርመን በ2016 እ.ኤ.አ. ተግባራዊ አድርጋዋለች። ዕዳ አለብህ ተብሎ ብቻ መከልከል አይቻልም።

ሦስቱም ዘመዶች ልክ ናቸው። ሦስቱም ስለ ጎንደር አልተናገሩም።

## መንገድ ተዘግቶ ያበላሸ ሰውስ?

አሁን ወደ 91ኛው ቀን እንመለስ። ባለፉት ዓመታት ጎንደር ውስጥ ብድር የተበላሸበት ሰው ለምን አበላሸ? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ቱሪስቱን አስቀረ። የፋሲል ግንብ አካባቢ ያሉ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ቀድመው ተመቱ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀምር የመተማ ንግድ ተናጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። መንገድ በየጊዜው ይዘጋ ነበር። ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ያለው ነጋዴ ሀብት ነበረው። መክፈያ አልነበረውም።

ባንኮች የሚሉት አላቸው። ባንክ የሚያበድረው የራሱን ገንዘብ አይደለም፤ የአስቀማጩን ነው። ምክንያት እየተሰማ ቀን ከተራዘመ ሁሉም ምክንያት ያመጣል ይላሉ። ተበዳሪ ሆን ብሎ የጠፋባቸውም አሉ። ይህ ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው። የአንድ ባንክ ብድር ቢበላሽ የሚጎዳው ጡረታዋን ያስቀመጠች እናት ናት። ተበዳሪዎች ደግሞ የሚሉት፣ መዝገቡ ከእጃቸው ውጭ የሆነውን ነገር እንደ ባሕርይ ጉድለት ጻፈባቸው ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የተበዳሪዎቹ ሐሳብ በአንድ ነጥብ ላይ ያሸንፋል። ብድሩ መከፈል አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። መዝገቡ ግን ምክንያት የሚይዝ አንዲት መስመር ቢኖረው ማንንም አይጎዳም። በጸጥታ ምክንያት ቅርንጫፉ ራሱ ተዘግቶ በነበረባቸው ሳምንታት ክፍያ የዘገየበት ሰው፣ ቅርንጫፉ እየሠራ ከጠፋው ሰው ጋር በአንድ ዓምድ መቀመጥ የለበትም። ባንኮች የብድር ጊዜ የሚያራዝሙበት አሠራር አላቸው፤ ተበዳሪው ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ካመለከተ ይታያል። ብዙው ሰው ግን ያመለከተው ካለፈ በኋላ ነው። ወይም ጨርሶ አላመለከተም። አፍሮ ስልኩን አጠፋ።

## በእህት ስም

የፍርሃቱ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ሰው እከለከላለሁ ብሎ ሳይጠይቅ በሌላ ሰው ሒሳብ መገበያየት ይጀምራል። በእህቱ፣ በሚስቱ ወንድም፣ በሱቁ ሠራተኛ ስም። መጀመሪያ ቀላል ይመስላል። ከዚያ የሒሳቡ ባለቤት ይሞታል፤ ወራሾች ይመጣሉ። ወይም ባልና ሚስት ይፋታሉ። ወይም ፍርድ ቤት በእህትየዋ ጉዳይ ሒሳቡን ያግዳል። ገንዘቡ የእኔ ነው ማለት ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን ሌላ ነገር ነው። በባንኩ ዓይን ገንዘቡ ስሙ የተጻፈበት ሰው ንብረት ነው።

ለስሙ ባለቤትም አደጋ አለው። ከደመወዟ ጋር የማይመጣጠን ገንዘብ በሒሳቧ ሲገባና ሲወጣ ባንኩ አጠራጣሪ ብሎ ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት። ወንድሟን የረዳች ሴት የገንዘቡን ምንጭ አስረጂ ትባላለች።

እድርም ከዚህ አያመልጥም። የእድር ሒሳብ የሚንቀሳቀሰው በሊቀ መንበሩ፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ነው። ከሦስቱ አንዱ የፋይዳ መረጃው ሳይስተካከል ከቀረ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን መትከያ ገንዘብ በዕለቱ ላይወጣ ይችላል። ኮሚቴ ሲመረጥ «ሰውየው ታማኝ ነው ወይ?» ብቻ መጠየቅ ከእንግዲህ አይበቃም።

## መስኮቱ ላይ

«ሲስተሙ አልቀበል አለ» የተባለ ሰው መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ «የቱን ነው ያልተቀበለው?» ስሙን ነው? የፋይዳ ቁጥሩን ነው? ስልኩን ነው? ወይስ በስሜ ላይ የተጻፈ እገዳ አለ? ሠራተኛዋ ይህን ስክሪኑ ላይ ታየዋለች። ለብዙው ችግር መፍትሔው በፋይዳ ምዝገባ ጣቢያ ስምን ማስተካከል ነው።

እገዳ አለ ከተባለ ማን እንዳገደ ይጠየቅ። የቼክ ከሆነ የቁጠባ ሒሳብ እንዲከፈት መጠየቅ ይቻላል። የፍርድ ቤት ወይም የግብር ከሆነ ጉዳዩ የሚያልቀው እዚያው ነው፤ ከባንክ ባንክ መዞር ድካም ብቻ ነው። የባንኩ የራሱ ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ አመልክቶ መልሱን በጽሑፍ መጠበቅ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ተቋማቱ ቅሬታ ተቀብለው እንዲመልሱ ያስገድዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያውቅና የተሳሳተውን እንዲያሳርም መብት ሰጥቶታል።

ዕዳውን የጨረሰ ሰው በደረሰኙ ብቻ ረክቶ አይሂድ። ከአበዳሪው ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቅ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለው። በመዝገቡ ላይ «ተከፍሏል» ተብሎ የሚለወጠው አበዳሪው መረጃውን ሲልክ ነው። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤው ከፋይዳው ጋር አብሮ ኪስ ውስጥ ይሁን።